የጋሽ ዓባይነህ አጥር

የከተራ ዕለት ሚዛን ከተማ በሙሉ ታቦት ተከትሎ ወደ ወንዝ ወርዶ ነበር። በዚያ ከሰዓት ቤቱ የቀረ ሰው ካለ ወይ የታመመ ወይ የኮረፈ ነው። ጋሽ ዓባይነህ ኮርፎ ነበር የቀረው። በማን እንደኮረፈ ግን ያን ቀን የጠየቀ አልነበረም።

አመሻሽ ላይ ልጁ ሜሮን ወደ ቤት ስትገባ ጓሮው ውስጥ፣ ከቡናው ሥር፣ በግንባሩ ተደፍቶ አገኘችው። ጩኸቷን ሰምቶ ጎረቤቱ አቶ ወልደጻድቅ ከነነጭ ልብሱ እየሮጠ ደረሰ፤ ቀጥሎ እኛ ደረስን። እኛ ማለት ኢንስፔክተር ባየና እኔ ሳጅን ንጋቷ ነን።

በገጀራ ነው የመቱት። አንዱ ምት ትከሻውን ሰንጥቆ ደረቱ ድረስ ወርዷል። ሌላው ራስ ቅሉን ከፍቶታል። እጁን ሊከላከል አንስቶ ኖሮ የግራ እጁ ጣቶች ረግፈዋል። በሥራዬ ብዙ ሬሳ አይቻለሁ፤ የሰው ጣት ከወደቀ ቡና ጋር ከቅጠል መሀል መልቀም ግን ያን ቀን ጀመርኩ። አንዷ ጣት ላይ የጋብቻ ቀለበቱ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ቀለበቱን አላወለቀም። ያቺን ጣት ሳነሳ አለቀስኩ፤ ማንም አላየኝም።

«ይተነፍሳል!» ብሎ ጮኸ ወልደጻድቅ። የራሱን ጓዳ በር ነቅሎ አመጣና በሱ ላይ አስተኝተን አማን ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ላክነው። ኢንስፔክተሩ አብሮት ሄደ፣ እኔ ቦታውን ልጠብቅ ቀረሁ።

ባየ ሲመለስ ሸሚዙ በደም ርሷል።

«ሞተ?» አልኩት።

«ሞተ።»

«አልተናገረም?»

«ተናግሯል። ‹ማን መታህ?› አልኩት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁት። ‹ሰንሰለቱን እዩ› አለና አለፈ።»

ተያየን። ሚዛን ውስጥ ሳህሉ ሰንሰለትን የማያውቅ የለም። ባጃጅ ነጂ ነው፤ አንገቱ ላይ የሚያስራት ወፍራም ሰንሰለት አለች። የብር ናት ይላል፤ ጓደኞቹ የበሬ ማሰሪያ ናት ይሉታል። የሜሮን ወዳጅ እንደሆነም ሰፈሩ ያውቃል። ጋሽ ዓባይነህ ከገና በፊት መቆፈሪያ ይዞ እስከ አስፋልቱ አባሮታል፤ «ልጄን በሦስት ጎማ አትወስዳትም!» እያለ።

«አለቀለት» አለ ባየ። አንድ ነገር ከያዘ እንደ መዥገር ነው፣ አይለቅም። የጎጃም ሰው ነው፣ ወደኛ ከተዛወረ ዓመት አልሞላውም።

*

በማግስቱ፣ ጥምቀት ጠዋት፣ ጓሮውን በብርሃን ለማየት ተመለስን።

ጋሽ ዓባይነህ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበር፤ እኔንም አስተምሮኛል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ትዳሩ አጥሩ ነው ይባል ነበር። በጓሮው ዙሪያ ያለው ያ ነጭ አበባ ያለው ቁጥቋጦ፣ ማንም ሰው ቆርጦ እንዳገኘ መሬት ላይ የሚወጋው፣ በሱ እጅ ሲያድግ ሌላ ነገር ይሆን ነበር። ያበጥረዋል፣ ይከረክመዋል፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ቅርንጫፍ ያድላል። አተካከሉን ክፍል ውስጥ በቃላችን አስይዞናል፦ ሁለት አንጓ ከአፈር በታች፣ ሁለት ከላይ፣ ዘመም አድርጎ፣ መሬቱ ዝናብ ሲጠግብ። ከባዮሎጂ ትምህርቴ የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው።

«ስሚዛው ላይ ደም አለ» አለ ባየ አጥሩን እያሳየኝ።

ነበር። ደሙ ከቡናው ተነስቶ ጎረቤትና ጎረቤት እስከሚለየው አጥር ይደርሳል። እዚያ ቅጠሉ ተቀጥቅጧል፣ ሰው ገፍቶ ያለፈበት ክፍተት አለ። ከክፍተቱ አጠገብ አዲስ የተሰኩ ቅርንጫፎች በፀሐይ ጠውልገው ነበር።

ወልደጻድቅ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ያየናል። የሥላሴ ማኅበርተኛ፣ ዝምተኛ፣ የሰፈር ለቅሶ የማያመልጠው ሰው ነው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ሌሊቱን አልተኛሁም» አለ። «ይሄን አጥር አብረን ነው የተከልነው። የኔንም በኩል ያስተማረኝ እሱ ነው። ወንድሜን ነው የገደሉብኝ፣ ንጋቷ።»

«ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ፣ ጋሽ ወልዴ?»

«ታቦት ተከትዬ ነዋ! የት እሆናለሁ? ቄሱን ጠይቂ።»

ቄሱን ጠየቅን። ወንዙ ዳር ሲያጨበጭብ አይተውታል። ሌሎችም አይተውታል።

ከዚያ ጥግ ላይ ወዳለችው የሙክታር ሱቅ ሄድን። ሙክታር ስልጤ ነው፤ በክርስቲያን በዓል ቀን ሰፈሩን የሚጠብቀው እሱ ነው ማለት ይቻላል።

«ትናንት ማን አለፈ?» አለው ባየ።

«ማን ያልፋል? ሰፈሩ ጭር ብሏል። ሳህሉ ብቻ፣ ባጃጁን እዚያ ጋ አቁሞ ክላክስ አደረገ፣ ትንሽ ቆየና ሄደ።»

ባየ በዓይኑ ወጋኝ። «ሰማሽ?»

«ሌላስ?» አልኩ እኔ።

«ጋሽ ወልዴ ናቸዋ። ጠበል ተረጭተው ልብሳቸው ሙሉ ርሷል። ‹እንኳን አደረሰዎት› አልኳቸው፣ ‹አሜን› አሉኝ። ወደ ወንዝ ወረዱ።»

ባየ ግን ቀድሞ ከሱቁ ወጥቶ ነበር።

*

ሳህሉን ባጃጅ ማቆሚያው ላይ አገኘነው። ሰንሰለቱ አንገቱ ላይ ናት።

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ሸዋ ቤንች። ሰው አድርሼ።»

«ማንን?»

«መንገደኛ ናት፣ አላውቃትም።»

«ሴት ናት?»

ምራቁን ዋጠ። «ሴት አልኩ?»

«ናት ብለሃል።»

«እንግዲህ… ሰው ነው።»

«በጋሽ ዓባይነህ በር ላይ ለምን ክላክስ አደረግክ?»

ላቡ በአፍንጫው ላይ ወረደ። ውሸቱ ያስታውቅበታል፤ እኔም ያን ሰዓት ገዳዩን ያገኘን መስሎኝ ነበር። ባየ ካቴናውን ከፊት አጠለቀለት። በዚያች ደቂቃ ግን ባጃጅ ማቆሚያው ሞልቶ ነበር፤ ወልደጻድቅም ከሰው መሀል ቆሟል። የሆስፒታሉ ወሬ ከኛ ቀድሞ ደርሷል። «ሰንሰለቱን እዩ ብሎ ነው የሞተው» የሚለው ከአፍ አፍ ይዞራል።

«ይሄ ነው! የገደለው ይሄ ነው!»

መጀመሪያ ድንጋይ መጣ። የባጃጁ መስታወት ረገፈ። አንዱ ነዳጅ ቱቦውን በጠሰ፣ ሌላው ክብሪት ጫረ። ሳህሉ ባጃጁ ሲነድ ሲያይ እንደ ሕፃን ጮኸ። በመሀላችን አድርገን ወደ መኪናችን እየገፋን ሳለ ሰው ለሁለት ተከፈለና የጋሽ ዓባይነህ ልጅ ብሩክ ወጣ። ከቴፒ፣ ከሚሠራበት የቡና እርሻ፣ በጭነት መኪና ሌሊቱን መጥቶ ነው። እጁ ላይ ገጀራ ነበር።

«ብሩክ፣ ተው!» አልኩት።

የሰማኝ አይመስለኝም። ሳህሉ የታሰሩ እጆቹን ራሱ ላይ አነሳ። ገጀራው ቀኝ አንጓውን በጠሰውና ካቴናው በአንድ በኩል ባዶውን ተንጠለጠለ። ደሙ ፊቴን ሸፈነኝ፤ አፌ ውስጥ ገባ። ሽጉጤን ወደ ሰማይ ተኮስኩ። ባየ ብሩክን በሰደፍ አናቱን ብሎ ጣለው። ሕዝቡ ተበተነ። መሬት ላይ የቀረው የሚነድ ባጃጅ፣ አንድ የሰው እጅና የተበጠሰች ሰንሰለት ነው።

የሳህሉን ክንድ በነጠላዬ አስሬ መኪናው ውስጥ ጭኔ ላይ አስተኛሁት። «አልገደልኩም» ይለኛል። «ሳጅን፣ እኔ አልገደልኩም።» ራሱን እስኪስት ድረስ ሌላ ቃል አልወጣውም።

*

እጁ አልተቀጠለለትም። በቀረችው እጁ ከአልጋው ብረት ጋር አሰርነው። ጋሽ ዓባይነህ የሞተበት ክፍል ነው፣ ሌላ አልጋ አልነበረም።

ሜሮን ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝ። ጥቁር ለብሳለች፤ ፊቷን ቧጥጣ ቧጥጣ ቆስሏል።

«ከኔ ጋ ነበር» አለች።

«ምን?»

«ሸዋ ቤንች አብረን ነው የሄድነው። ክላክስ ያደረገው ለኔ ነው። በኋላ በር ወጣሁለት።»

«ታዲያ ትናንት ምነው ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? አባቴ ሲታረድ እኔ ከማን ጋ ነበርኩ ልበል? ብሩክ ቢሰማ ሁለታችንንም ይጨርሰናል።» እንባዋ ደርቋል፤ ድምፅ ብቻ ነው የቀራት። «ዝም ብል አይነኩትም ብዬ ነው። ዝም አልኩ፣ እጁን ቆረጡት።»

አቀፍኳት። ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረኝም።

«ሜሮን፣ አባትሽ ለምን ታቦት አልወጣም?»

«እንጃ። ሰሞኑን ተለውጦ ነበር። ቡናውን ሲመነጥር ከአጥሩ ማዶ የሆነ ነገር አየ፤ ከዚያ ወዲህ ከሰው አልተነጋገረም። ‹አጥሬ እግር አውጥቷል› ብቻ ነው የሚለኝ። ስጠይቀው ይስቃል፤ ደስ የማይል ሳቅ።»

ለባየ ነገርኩት። ጺሙን አሻሸ።

«ሴት ለወዳጇ ትዋሻለች።»

«ወንድ ለግትርነቱም ይዋሻል፣ ጌታዬ።»

ተቆጣ። «ንጋቷ! ሟች በአንደበቱ የሰጠው ቃል ነው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ቃሉን እንዳለ እሰጣለሁ፤ ሳህሉ ወይ ይሰቀላል ወይ ዕድሜ ልኩን ይታሰራል።»

«እጁስ?»

ሸሚዙ ላይ የደረቀውን ደም በጥፍሩ ፋቀ። ተስፋ የሰጠኝ ያ ነው። «አንድ ጊዜ ብቻ ጓሮውን እንየው» አልኩት። አጉረመረመ፣ ግን መኪናውን አስነሳ።

*

ጓሮው ውስጥ ዝንብ ብቻ ነበር የሚሰማው። ደም ከነካው መሬት አልፌ በክፍተቱ ወደ ወልደጻድቅ ቡና ገባሁ። እግር ያወጣ አጥር ምን ዓይነት ነው እያልኩ ነው የምሄደው። ቡናው ሥር አረም አለ፣ ሬት አለ፣ የኮረሪማ ቅጠል አለ። ጎንበስ ስል አንድ ለጋ ቡቃያ አየሁ። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሌላ። ከመንገዱ በኩል እስከ ጓሮው ጫፍ በአንድ መስመር፣ እንደ ተማሪ ሰልፍ ቀጥ ብለው ወጥተዋል። አንዱን ቆፈር አደረግኩት። የተቆረጠ፣ ክንድ የሚያህል አሮጌ ግንድ ላይ ነው ያቆጠቆጠው።

«ኢንስፔክተር!» ብዬ ተጣራሁ። «ይምጡ፤ ሰንሰሉ እዚህም አለ!»

«ምኑ?»

«ሰንሰሉ። የድሮው አጥር እኮ እዚህ ነበር። ከላይ ቆርጠውታል፣ ሥሩ ግን አልሞተም።»

ባየ ቡቃያውን አየ፣ እኔን አየ። «ይሄ ስሚዛ ነው።»

«እናንተ አገር ስሚዛ ይሁን፤ እዚህ ሰንሰል ነው የምንለው።»

ፊቱ አመድ መሰለ። አንድ የቡና ግንድ ያዘና ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በፊት ተቀምጦ አይቼው አላውቅም፤ ጣቢያ ውስጥ እንኳን ቆሞ ነው ሻይ የሚጠጣው።

«ጌታዬ፣ ጋሽ ዓባይነህ ያለውን ልክ እንዳለው ይንገሩኝ። እርስዎ እንደገባዎት ሳይሆን እሱ እንዳለው።»

«‹ሰንሰሉን እዩ።›» ኮፍያውን አወለቀ። «‹ሰንሰሉን› ነው ያለው። ሰውዬው እየሞተ ስለሆነ ቃሉ የጎደለ መሰለኝ። እኔ ሞላሁለት። ሰንሰል የሚባል ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር፣ ንጋቷ። እናቴ አጥሯ ሁሉ ይሄ ነው፤ ስሚዛ ነው የምትለው።»

ምን ልለው እችላለሁ? የጎደለች የመሰለችውን አንድ ፊደል ጨመረ፤ በዚያች ምክንያት አንድ ሰው እጁን አጣ። ልናደድበት ፈለግኩ፤ አሳዘነኝም።

«ይነሡ» አልኩት። «እርስዎ ከሱቁ ሲወጡ ሙክታር ያለኝን ሰምተዋል?»

«የቱን?»

«ጋሽ ወልዴ ጠበል ተረጭቶ ርሶ ነበር ብሏል። ሙክታር እስላም ነው፣ አያውቅም። እርስዎና እኔ ግን ክርስቲያን ነን። በከተራ ዕለት ማን ጠበል ይረጫል? ጠበሉ በማግስቱ ጠዋት ነው።»

ባየ ብድግ አለ። አሁን የማውቀው ባየ ተመለሰ። «ልብሱን አጥቧል። ነጭ ለብሶ ገድሎ፣ ቤቱ ገብቶ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ርጥቡን ለብሶ ወንዝ ወረደ።»

«ቄሱም ያዩት እዚያ ነው። መቼ እንደደረሰ አልጠየቅናቸውም።»

«ገጀራውስ?»

ወደ ክፍተቱ ተመለስኩ። የጠወለጉት ቅርንጫፎች ፊቴ ቆመዋል። በጥር፣ መሬቱ ሲሰነጠቅ፣ አጥር የሚተክል ሰው የለም። ግን ሁለት አንጓ ከታች፣ ሁለት ከላይ፣ ዘመም ብለው በሥርዓቱ ተሰክተዋል። የተከላቸው ሰው ከኛው አስተማሪ ነው የተማረው። አፈር መቆፈሩ እንዳይታወቅበት ፈልጎ የሚያውቀውን ሠራ።

ነቀልኳቸው። አፈሩ ልስልስ ነበር። በጣቴ ስጭር ብረት ነካሁ። ገጀራው ከነደሙ ነው፤ እጀታው ላይ ሽበት ተጣብቆበታል።

«ተይው» አለ ድምፅ ከኋላዬ።

ወልደጻድቅ ነው። መጥረቢያ ይዟል። ባየ ሊዞር ሲል መጥረቢያው ጎኑን አገኘውና ወደቀ፤ የጎድን አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ሁለተኛውን ሲያነሳ ባየ እግሩን ይዞ ጎተተውና ሁለቱም ቡናው ውስጥ ተንከባለሉ። ወልደጻድቅ የኢንስፔክተሩን ጉሮሮ በጉልበቱ ተጭኖ መጥረቢያውን አሳጥሮ ያዘ። ያ ለለቅሶ ድንኳን የሚተክል፣ እንኳን አደረሰህ ሲሉት አሜን የሚል ሰው ጥርሱን አግጥጦ ነበር። ጭኑን በጥይት መታሁት። አልለቀቀም። ደገምኩት። ሲጮህ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ።

ካቴና ሳጠልቅለት ዓይኑ ከቡቃያዎቹ አልተነቀለም።

«ለምን?» አልኩት። «ጋሽ ወልዴ፣ ለምን?»

«በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ ነው የገፋሁት» አለ። ከኔ ጋር የሚነጋገር አይመስልም። «አንድ ክንድ። ማንም አላወቀም። እሱ ራሱ ቅርንጫፉን እየሰጠኝ፣ ‹ጎበዝ፣ አጥርህ አማረ› እያለኝ። ሥሩን ሁሉ የነቀልኩ መስሎኝ ነበር።»

«አወቀብህ?»

«ነጭ ለብሼ ታቦት ልከተል ስወጣ በቡቃያው ላይ ችካል ሲቸክል አገኘሁት። መሬት ለኪዎች ሊመጡ ነው፣ አሳያቸዋለሁ አለኝ። ለማኅበሩም እናገራለሁ አለ። እኔን? ሌባ? ለምነው ነበር፣ ንጋቷ። ተንበርክኬ ለምኜዋለሁ። ሳቀብኝና አጥሩን ገፍቶ ወደ ጓሮው ተመለሰ፤ ተከተልኩት።»

«ሳህሉስ? እጁ ሲቆረጥ ቆመህ አይተሃል።»

ዓይኑን ጨፈነ። ችካሎቹን በኋላ ከወልደጻድቅ ምድጃ አመድ ውስጥ አገኘናቸው፤ አልነደዱም ነበር።

*

ባየ ጎኑን በጨርቅ ጠቅልሎ ሆስፒታሉ ገባ። ሐኪም ተኛ ቢለውም መጀመሪያ የሄደው ሳህሉ ዘንድ ነው። ካቴናውን ራሱ ፈታለት። ሳህሉ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ባየ ብዙ ሊናገር ተዘጋጅቶ ነበር፤ «ተሳሳትኩ» የምትለዋ ብቻ ወጣች። ሳህሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ብሩክ የእስር ቤት አጥር ውስጥ ሆኖ እውነቱን ሰማ። እህቱ ስንቅ ይዛ ስትሄድ አይወጣላትም፤ በሰው እጅ ትልካለች። አባቷ ሞቷል፣ ወንድሟ ታስሯል፣ ወዳጇ አካሉን አጥቷል። እኔ ሜሮንን ብሆን አገር ጥዬ እጠፋ ነበር። እሷ ግን ቀረች።

ክረምት ሲገባ፣ መሬቱ ውሃ ሲጠግብ፣ አንድ ቀን ከባየ ጋር በዚያ በኩል ስናልፍ መኪናውን አስቆመኝ። ከኋላ ወንበር ላይ አንድ እቅፍ ቅርንጫፍ አነሳ፤ ከተከራየው ቤት አጥር የቆረጠው ነው። ወደ ጓሮው ተከተልኩት።

ሜሮንና ሳህሉ ጭቃ ውስጥ ተንበርክከው ነበር። የወልደጻድቅን አጥር ነቅለውታል። ቡቃያዎቹ ያሳዩትን የድሮ መስመር ተከትለው ገመድ ወጥረዋል፤ ሥሩ የሞተበትን ክፍተት ሊሞሉ ነው። ሜሮን ቅርንጫፉን ትይዛለች፣ ሳህሉ በግራ እጁ አፈሩን ይጠቀጥቃል። አንገቱ ባዶ ነው።

«እንደምን ዋላችሁ» አለ ባየ። «ስሚዛ አምጥቻለሁ።»

ሜሮን ቀና አለች። ሳህሉ ግን አፈሩን መጠቅጠቁን አላቋረጠም።

«አልሰማሁም» አለ። «ምንድን ነው ያመጡት?»

ዝናቡ ማካፋት ጀምሯል። ባየ ቅርንጫፎቹን እንዳቀፈ ቆመ። ኮፍያው ላይ ውሃው ሲንጠባጠብ አየዋለሁ፤ ላግዘው አልቻልኩም፣ ደግሞም አልፈለግኩም።

«ሰንሰል» አለ በመጨረሻ።

«እሺ። እዚያ ያስቀምጡት።»

አስቀመጠው። ሜሮን ከእቅፉ አንዱን መዘዘች፣ አንጓውን በጣቷ ቆጠረችና ዘመም አድርጋ አፈሩ ውስጥ አስገባችው። ሳህሉ በግራ እጁ ጠቀጠቀው።